የአንሙት ባለ ቁልፍ ስልክ

የሉማሜው ባለ ወፍጮ አንሙት ቅዱስ ነው ብለን የወሰንነው እኛ ነን። እሱ አንድም ቀን እንዲህ ነኝ አላለም። ሲሰግድ አየን፤ ለምን እንደሚሰግድ ሳንጠይቅ ሾምነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንሙት በታች ስክሪን ስልኩ የወሲብ ፊልም ማየት ለምዶ ነበር። መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም ጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ በኋላ መብራት እያለም ወፍጮውን አቁሞ ያይ ጀመር። ገበያተኛው እህሉን ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ «ሞተሩ ታሟል» ይላል። ሚስቱ ሥራነሽ ደረሰችበት። አልጮኸችም፣ ሽማግሌም አልሰበሰበችም። እጁን ይዛ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ አምደሚካኤል ወሰደችው።

«ይኸን አንድ ጊዜ ችያለሁ» አለችው መንገድ ላይ። «ሁለተኛ ካየሁብህ ግን እናቴ ቤት ነው የምገባው።»

መምሬ ቀኖና ሰጡት፤ ስግደት፣ ጾም፣ ዓይንን መሰብሰብ። «ስልኩንም ሽጠው» አሉት። ሸጠና ከጀማለዲን ሱቅ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛ። ቤቱ ለስግደት ስለጠበበው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ይሰግድ ጀመር። መከራው የመጣው በዚህ ነው።

ሴት ስታልፍ መሬት መሬት ሲያይ «ምን ያለ ጭምት ነው» አልን። ባለ ቁልፍ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ «ዓለምን ንቋል» አልን። ሚስቶች ባሎቻቸውን «እስቲ አንሙትን እይ» ማለት አበዙ። ባሎችም አንሙትን እንደ ጥርስ ሕመም ጠሉት፤ አፍ አውጥቶ ክፉ የሚናገረው ግን አልነበረም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ስብከቱን በኢንተርኔት ለማስተላለፍ ተብሎ አዲስ ታች ስልክ ተገዝቷል፤ ያልተገደበ የኢንተርኔት ጥቅልም አለው። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አቶ አበረ ስልኩን ከፍ አድርገው አሳዩን።

«ይኸ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። ዓይኑ የማይቅበዘበዝ ሰው ይያዘው።»

«አንሙት» አልን በአንድ ድምፅ።

አንሙት ሁለት እጁን አራገበ። «እኔ አልችልም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ። ምስኪን፣ ይህን ማለት አልነበረበትም። እኛ ጥንት ለጵጵስና የታጩ መነኮሳት ሲሸሹ ከዋሻ ተጎትተው ይወጡ ነበር እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ሹመት የሚገባው ሹመት ለሚሸሽ ነው። እንቢ ባለ ቁጥር የበለጠ ፈለግነው።

መምሬን ቀና ብሎ አያቸው። መምሬ አሳላቸው። የንስሐ ምስጢር እንኳን በቃል በጥቅሻም አይወጣም። «ሰውየው ካልፈለገ አታስገድዱት» ብቻ አሉ።

«መምሬ የንስሐ ልጃቸው እንዳይታበይ ብለው ነው» አሉ አቶ አበረ ፈገግ ብለው። ስልኩንም እጁ ላይ አስጨበጡት። «ሹመት ያዳብር!»

እልል አልን። አንሙት በሴቶቹ በኩል ሥራነሽን ፈለጋት። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ እሱን ብቻ ታያለች። ወደ እናቷ ቤት የሚወስደው መንገድ ታየው።

«ወገኖቼ» አለ። «እኔ በስልክ የሴት ራቁት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስግደቱ ቀኖናዬ ነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም፤ ይኸን ይዤ ከሄድኩ ዛሬውኑ አያለሁ።»

ከዚያ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አለቀሱ። «ቅዱሳን እኮ እንዲህ ናቸው፤ ያላደረጉትን ኃጢአት በራሳቸው ላይ ያወራሉ» አሉ። እኛም ከንፈራችንን መጠጥን። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ለበረከት ብሎ ትከሻውን ሳመው። አንሙት እውነቱን ተናገረና ማዕረግ ጨመርንለት።

ሥራነሽ ተነሣች።

«ያላደረገውን አይደለም። አድርጎታል፤ ሚስቱ ነኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን እየተወው ነው። እናንተ ናችሁ መልሳችሁ የምትሰጡት።»

ስልኩን ከእጁ ወስዳ አቶ አበረ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። መምሬ አምደሚካኤል ከልባቸው «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት።

«እንግዲህ ማን ይያዘው?» አሉ አቶ አበረ፣ ስልኩን በሁለት ጣት ከጉልበታቸው እያነሡ።

ወንድ የተባለ ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ሚስቶች ደግሞ ባሎቻቸውን ያዩ ነበር። በመጨረሻ ስልኩ ማብራቱን እንኳ ለማያውቁት ለእማሆይ ተሰጠ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ስብከታችንም እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አልወጣም።

በሳምንቱ ጀማለዲን ጤፍ ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት መጣ። «አንሙት፣ እናንተ ዘንድ አዲስ ጾም ገባ እንዴ?» አለው። «ባለ ቁልፍ ስልክ አለቀብኝ። የሚገዙት ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም ለባሌ ነው ይላሉ።»

የእኔዋ ሚስት ከስብሰባው በማግስቱ ነበር ሱቁ የሄደችው።

አንሙት ማታ ይህን ለሥራነሽ ነገራት። ሳቀች። ያን ነገር ካየችበት ቀን ወዲህ እሱ ፊት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። አብሯት ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው።