ጫማው አልደረቀም

ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ምንጭ ስታድን ኖራለች። እንጀራዋ ነው፤ ለተማሪዎች መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የእሷ ናት። እንግሊዞች ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል «ድመትና ውሻ ዘነበ» ይላሉ። ለምን ሲባል አንዱ ብድግ ይልና «ድሮ ድመቱም ውሻውም ሣር ጣሪያ ላይ ይተኛ ነበር፣ ዝናቡ እያንሸራተተ ሲጥላቸው ነው» ይላል። የፈጠራ ወሬ! እሷ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ጉዱ ፈላ። «ማስረጃህስ?» ትለዋለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ። ማስረጃ ሲጠፋ «ምንጩ አይታወቅም» ብላ ትጽፋለች፤ ይህችን በጻፈች ቀን ግን ምሳ አይወርድላትም።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። በተጋቡ በወሩ፣ የማለዳ ተረኛ ሆኖ ሳለ፣ ማታ ያጠበው ጫማ ሳይደርቅ ነጋ። ሌላ ጫማ የለውም። «ጫማው አልደረቀም» ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እርጥቡንም ቢሆን አድርጎ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም፣ ሲስቁ አረፈዱ። ከዚያ ወዲህ አንዳቸው ሊወጣ ሲነሳ ሌላው «ጫማው አልደረቀም» ይል ነበር። ትንሽ ቆይ፣ ገና አልጠገብኩህም ማለት ነው።

ሰውዬው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነ። ልጅ አልወለዱም። ለማንም አልተናገረችውም እንጂ የከበዳት ባዶው አልጋ አይደለም፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ቆይ የሚላት ሰው ማጣቷ ነው። የቢሮው ዘበኛ እንኳ ቁልፉን እያንቃጨለ ነው የሚያስወጣት። አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ ያቺን ቃል ለራሷ አለቻት። አላጽናናቻትም፣ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የምትይዘው አውቶቡስ ተበላሽቶ በሌላ መስመር ተሳፈረች። አውቶቡሱ ከመነሻው ንቅንቅ አልል አለ። ከኋላ አንድ ተሳፋሪ «ኧረ እንሂድ እንጂ» ቢል፣ ቦርጫሙ ትኬት ቆራጭ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው «ጫማው አልደረቀም» አለ።

ቀና ብላ ትኬት ቆራጩን አየችው።

«ምን ማለት ነው ደግሞ?» አለ ተሳፋሪው።

«ገና ነን ማለት ነዋ። የሹፌሮች አባባል ነው። ድሮ አንድ ሹፌር ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሃያ ሰው በጀርባው አዝሎ አወጣ፤ ከዚያ ጫማዬ ሳይደርቅ መሪ አልይዝም አለ ይባላል።»

ሃያ ሰው! ያ፣ አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ይዞ ደረጃ ሲወጣ ሦስቴ የሚያርፈው ሰው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ባሏ ለጓደኞቹ ነግሯቸው ኖሮ ከመኝታ ቤቷ የወጣ ቃል ከተማውን ዞሮ ዞሮ መጨረሻ እሷ ዘንድ ደረሰ። መነጽሯን አወረደች፣ አፏን ከፈተች፤ ማስረጃው እሷው ራሷ አይደለችም? ግን ተሳፋሪው ሳቀ፣ አጠገቡ ያለችውም ሴት «ጎበዝ ሰው ነበር» አለች። አፏን መልሳ ገጠመች። የድመቱንና የውሻውን እውነተኛ ምንጭ ያውቅ የነበረ ሰውም አንድ ቀን እንዲሁ ዝም ብሎ ይሆናል አለች በልቧ። መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አውቶቡሱ ተነሳ። በየፌርማታው ሰው እየወረደ አልቆ መጨረሻው ላይ እሷ ብቻ ቀረች። ትኬት ቆራጩ መቀመጫዎቹን እያየ መጣ።

«እትዬ፣ ደርሰናል። አይወርዱም?»

መብራት የሚያበራበት ሰው የሌለውን ቤቷን አሰበች።

«ጫማው አልደረቀም» አለችው።

ሳቀና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «አይ እትዬ፣ እርስዎም ያውቋታል? በሉ እስኪደርቅ ይቆዩ፤ እኛም ለሩብ ሰዓት የትም አንሄድ።»