የመስኮቱ ዳር ወንበር

በኩባያ ፋብሪካው ውስጥ እንደ መስኮቱ ዳር ወንበር የተከበረ ቦታ የለም። የመርማሪው ወንበር ነው። መርማሪው ከእቶን የወጣውን ኩባያ አንድ በአንድ እያነሳ በጣቱ አንጓ ኳ ያደርገዋል፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይታፈናል። የታፈነው ወደ ስባሪ ቅርጫት፣ የጠራው ወደ አሸጊዋ ይሄዳል። በዚያ ወንበር ሠላሳ ዓመት የተቀመጡትን አዛውንት ሁሉም ጋሽ ጆሮ ይላቸዋል፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

አሸጊዋ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ኩባያውን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ግራ ጉንጯን ከነአንገቷ ልጦታል። ደንበኞች ሊጎበኙ ሲመጡ ሥራ አስኪያጁ በትህትና፣ "እህቴ፣ እስቲ መጋዘኑን ቃኘት አድርጊው" ይላታል። በስምንት ዓመት መጋዘኑ ስንት ጊዜ እንደተቃኘ እግዜር ይቁጠረው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እሷ ስትነሳ ጋሽ ጆሮም "ወገቤን" እያሉ ሥራ ያቆማሉ፤ የእርጅና ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል።

ጋሽ ጆሮ ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው አሸጊዋ ወንበሩን ተመኘች። ስምንት ዓመት ስትሰማ ኖራ፣ የኩባያን ጤና ገና ሲነካ ታውቀዋለች። እናቷም "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ጠይቂ እንጂ" አሏት። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ እሷ አንዴ ተቃጥላለችና ሄደች።

"ችሎታሽን ማን ይጠረጥራል?" አላት ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ። "ግን ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ወንበር ነው። ለሻጫችን አስበነዋል።"

ሻጩ መልኩ ያማረ ነው፤ ኩባያን ከድስት መለየቱ ግን ያጠራጥራል። እሷ "እሺ" ብላ ወጣች። አላለቀሰችም። ያን ቀን ግን እያንዳንዱን ኩባያ በእጥፍ ጋዜጣ ጠቀለለችው።

በመሰናበቻው ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ስንጥቅ ኩባያ አልተመለሰብንም። እንዲህ ያለ ጆሮ ከየት ይገኛል?" ብሎ አመሰገነ። ተተኪውን ሊያስተዋውቅ ሲል ጋሽ ጆሮ እጃቸውን አነሱ።

"ጮክ በል ልጄ፣ አልሰማህም።"

ሰው ሳቀ።

"አትሳቁ። ጆሮዬ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። እንዳልባረር ብዬ ደበቅኩ፤ አፍሬበታለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ እየጮኸ፣ "ታዲያ ኩባያውን ማን ለየው?" አላቸው።

ጋሽ ጆሮ ወደ አሸጊዋ ጠቆሙ። "ኳ ሳደርግ ቀና ብዬ የእሷን ፊት አያለሁ። ስንጥቅ ከሆነ ቅንድቧ ይሰበሰባል። እሷም አታውቀውም። መጋዘን ስትልካት እኔን ነበር የምታደነቁረኝ። አንተ የደበቅከው ፊት ነው ሁለት ዓመት እንጀራዬን ያበላኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ነገር የለመደ ሰው እንጂ። ቀና ብሎ አያት። ስምንት ዓመት ሙሉ በቅጡ አይቷት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው።

"ይቅርታ፣ እህቴ" አለ። ወንበሩንም ራሱ ሳበላት።

አሸጊዋ ሄዳ ተቀመጠች። አዛውንቱ ክብራቸውን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጥለው ወንበሩን ለእሷ አስረከቡ። እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል? "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽዬ" ልትል ፈለገች፤ ግን ካልጮኹባቸው አይሰሙም። ስለዚህ አንድ ኩባያ አንስታ ኳ አደረገችና ፊቷን ቀና አድርጋ አሳየቻቸው።

ጋሽ ጆሮ እሷ በለቀቀችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ትክ ብለው አዩዋት።

"ጠራ" አሉ፣ ጋዜጣውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። "አምጪው ልጠቅልለው።"