ነጎድጓድ በሐይቅ ዳር

ባሌ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። የጣሪያ አሸንዳ በሉት፣ ጭስ ማውጫ በሉት፣ ባልዲ በሉት፣ ከቆርቆሮ የሚሠራ ነገር ሁሉ ከእጁ ይወጣል። ሰፈሩ የሚጠራው ነጎድጓዱ እያለ ነው። በመዶሻው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በአፉም ጭምር ነው። ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ "እንዴት አደርሽ" ሲለኝ ሦስተኛ ቤት ያለችው ሴትዮ "ደኅና" ብላ ትመልስለታለች።

እኔ ደግሞ ያዥ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ሲመታ የቆርቆሮውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያዥነት ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን መጥቶ ይያዝና ከዚያ እናወራለን። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ቃል ስለማይሰማ በተጋባን በሳምንቱ በመዶሻ መነጋገር ጀመርን። አንድ ምት "ያዢ" ማለት ነው። ሁለት ምት "ዙሪ" ነው፤ ጫፉን እንደያዝኩ ወደ ሌላው ጎን እዞራለሁ። ሦስት ምት "ልቀቂ"። በእነዚህ ሦስቱ ልጅ አሳድገናል፣ ቤት ሠርተናል። ገበታ ላይ እንኳን ጨው ሲፈልግ ጠረጴዛውን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ እኔም ወደ እሱ አዞርለታለሁ።

ጆሮ ሐኪም ዘንድ የጎተተችኝ ልጃችን ናት። በስልክ ባወራችኝ ቁጥር "ሃ? ሃ?" ስላት ሰለቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔው ባዳነቱን በወረቀት አስመሰከረ። ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው። "እናቴ፣ ጀርባዎን ይስጡኝና ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱልኝ" አለኝና ከኋላዬ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። እኔ ሆዬ እጄን በማንሳት ፈንታ ብድግ ብዬ ጠረጴዛውን ዞርኩና በወዲያኛው በኩል ቆምኩ። ክው አለ። ደገመው። እኔም ዞሬ ተመለስኩ። ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች፤ ሐኪሙ ግን ሳይስቅ ረጅም ነገር ጻፈ። ስለ ጆሮዬ ብቻ የጻፈ አይመስለኝም።

በኋላ ውጤቱን ነገረኝ። ቀኝ ጆሮዬ አልቆለታል። ግራው አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይቆይ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን ጸጥ ያለ ቦታ ሆኜ፣ በግራ በኩል ጠጋ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ የሚያናግረኝን ሰው እሰማለሁ አለኝ። ልጄ መድኃኒት ልታወጣ ሄደችና እኔ ተራ መጠበቂያው ክፍል ቁጭ አልኩ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የአንድ ከተማ ፎቶ ተሰቅሏል። ነጫጭ ቤቶች፣ በመስመር የቆሙ ዛፎች፣ የተተኮሰ አንሶላ የመሰለ ሐይቅ፣ ዳር ላይ ደግሞ አንድ ባዶ አግዳሚ ወንበር። ጸጥታው ከፎቶው ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባሌ ሳይጮህ ሲናገር ድምፁ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ወፍራም ይሁን ቀጭን አላውቅም። ላግባሽ ያለኝም እየጮኸ ነው። ጎዳናችን የቆርቆሮ ሠሪ ጎዳና ነው፤ ከፊት ለፊታችን በያጁ አለ፣ ከእሱ ቀጥሎ ጎማ ነፊው ከነሞተሩ። ማታ እንኳን ባሌ ምስጢር ሲነግረኝ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ምክር ይጨምርበታል። ጆሮዬ ሳይዘጋ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እዚያ ሐይቅ ዳር ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የሰውዬዬን ዝግ ያለ ድምፅ ልስማ አልኩ። ሌላ ምንም አላማረኝም።

ልጃችን ነገሩን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሆቴሉንም አውቶብሱንም እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ ብቻ እስከ ሐሙስ እሺ በሉኝ አለች። እኔ በቦታው እሺ አልኩ። እሱ ግን ወይ ፍንክች!

ውሃ ለማየት ከሆነ ግቢ ውስጥ በርሜል ሙሉ ውሃ አለልሽ አለ። እነዚያ ጨዋ ሰዎች እኛን ሲያዩ ምን ይላሉ አለ። ቀጥሎ ወገቤ አለ፤ ወገቡን አሞት አያውቅም። ምክንያቱ ሲያልቅበት ያልታሰበ ነገር ከአፉ አመለጠ።

"ጸጥታ ፍለጋ ምን አስኬደሽ? አንድ ዓመት ጠብቂ፣ እቤትሽ ድረስ ይመጣልሻል" አለኝ።

እንዳለው ራሱም ደነገጠ። መዶሻውን አነሳና አውራ ጣቱን መታ። እኔ ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ኩርፊያዬን ከመደንቆሬ መለየት አልቻለም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ጆሮሽ ባሰበት እንዴ አለኝ። ሞቼ ነው ቆሜ!

ረቡዕ ዕለት እህቱን ምስክር አድርጎ ጠራት። እሷ ባለፈው ዓመት እዚያ ከተማ ሦስት ቀን ተቀምጣ መጥታለች። እህቱ ነገር የምትወድ ሴት ናት፤ ሠርግ ሄዳ ጠብ ካልተነሳ ምኑ ሠርግ ነው ብላ የምትመለስ። ከተማውስ ያምራል አለች። ግን ምንም የለውም። መኪናው ጥሩንባ አይነፋም። አስተናጋጁ ሻይ ሊታዘዝ ሲመጣ ንስሐ የሚገባ ይመስላል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ሲጣላ አላየሁም፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ የገዛ ሆዴን ጩኸት ስሰማ አደርኩ አለች። እሷ ባማረረች ቁጥር የኔ ልብ ወደዚያው መሸፈት ነው።

ባሌ ግን የጠየቃት ሌላ ነገር ነው። "አሸንዳቸው ምን ይመስላል?"

አላየሁትም አለች። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳን ቀና አላልሽም ወይ ብሎ ጮኸባት። ሐይቁን ነበር የማየው አለችው። ሐይቅ ማንም ያልሠራው ነገር ነው፣ ምኑ ይታያል፣ የከተማን ጠባይ የሚናገር አሸንዳው ነው፣ አሸንዳው የሚያፈስ ከተማ ሰዉም አይታመንም ብሎ አንድ ሰዓት አስተማራት። እሷም መለሰችለት። በያጁ ከማዶ ሆኖ እኔ ብሆን አልሄድም ብሎ ድምፁን ሰጠ። ጎማ ነፊው እሄዳለሁ አለ። ሸንጎው አንድ ለአንድ ሆኖ ተበተነ።

ሐሙስ መጣ። ልጃችን ማታ ትደውላለች። ጠዋት ሥራ ጀመርንና ባሌ የአሸንዳ ቆርቆሮ ዘረጋ። አንድ ጊዜ መታ። ያዢ ነው። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ደግሞ መታ። አልያዝኩም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳልይዝ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። ያለ ያዥ የተመታው ቆርቆሮ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ባሌ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠ።

"እዚያ ሄደን ካልሰማሽኝስ?" አለ። በለመደው ድምፁ ነው ያለው፤ ጎዳናው በሙሉ ሰማ። "እዚህ ስጠራሽ ዝም ስትይኝ በያጁ ነው እላለሁ፣ ጎማ ነፊው ነው እላለሁ። እዚያ ማንን ልበል? ኮሽ በማይልበት ቦታ ካልሰማሽኝ ያደነቆረሽ የኔ መዶሻ ነው። እሱን አውቄ እንዴት ልመለስ?"

በያጁ ማሽኑን አጠፋ። ጎማ ነፊውም አጠፋ። ጎዳናችን በዕድሜዬ ጸጥ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ምን ያደርጋል፣ ባሌ አሁንም ይጮሃል፤ ልምድ ክፉ ነው።

አንጀቴን በላው። ለካ ያ ሁሉ በርሜል፣ ያ ሁሉ ወገቤ፣ ፍርሃት ነው። እቅፍ ላደርገው አሰብኩና ሰዉ ሁሉ ያየናል ብዬ ተውኩት። ሳልሰማህ ከቀረሁ ያን ጊዜ አብረን እናለቅሳለን፣ ሳንሞክረው ከቀረን ግን ዕድሜ ልኬን ብቻዬን አለቅሳለሁ አልኩት። መሬት መሬት አየ። እኔም ሰውዬዬን አውቀዋለሁና ጨመርኩበት።

"ደግሞስ አሸንዳቸውን ሳናይ እንቅር?"

አሰበ። ቆርቆሮውን ከወለሉ አነሳ። "ለአሸንዳው ከሆነስ..." አለ። ማታ ልጃችን ስትደውል ስልኩን ነጥቆ "ለአሸንዳው ነው!" አላት። እሷም እስካሁን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም።

ከተማው ፎቶውን መስሎ ቆየን። ሰው ሁሉ ሐይቁን እያየ ይሄዳል፣ ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። የጣሪያው ጠርዝ ሁሉ በመዳብ አሸንዳ ተይዟል፤ መጋጠሚያው በዓይን አይታይም። ባሌ ቆቡን አወለቀለት።

ችግሩ የመጣው ሆቴሉ ጋ ነው። በሩን ገባና "እንደምን ዋላችሁ!" አለ። መስቀያው ላይ ያሉት ቁልፎች ተንቀጫቀጩ። የአንዲት ሴትዮ ውሻ ወንበር ሥር ገባና አልወጣም አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፣ ያ ነው የባሰው። ባሌ በመዳፉ አፉን ያዘ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣውም። እራት በጣቱ አዘዘ። ደኅና እደሪ እንኳን ያለኝ በአንገቱ ነው። እስቲ ፍረዱኝ፣ ድምፁን ልሰማ ስንት መንገድ አቋርጬ ይዤው መጥቼ ጭራሽ ዲዳ ሆነብኝ! ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ታገሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድን። ያ የፎቶው ወንበር እውነትም አለ፤ ባዶ ነው። ተቀመጥን። ንፋስ የለም። ውሃው ኮሽ አይልም። አላፊ አግዳሚ የለም። ባሌ ግራ ቀኝ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ማውራት ጀመረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጠርዝ ይታየኛል። ረጅም ነገር ነው፤ አንዴ ቆም አለና ደግሞ ቀጠለ። ጨረሰና ፊቴን አየኝ።

ምንም አልሰማሁም። አንዲት ቃል እንኳን።

ፊቱ አመድ መሰለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጣላቸው። እኔም አለቀ በቃ፣ ዓመት ያለኝ ሐኪም ተሳስቷል፣ ጆሮዬ ዛሬውኑ ተዘግቷል አልኩ። እጆቹን እያየሁ ሳለ ነው የታየኝ። ሰውየው የተቀመጠው በቀኜ ነው! ሥራ ቦታ ሁልጊዜ የሚቆመው በቀኜ ነው፤ መዶሻውም የሚወርደው በዚያ በኩል ነው፣ ቀኙ ቀድሞ የሞተውም ለዚህ ነው። ሁለታችንም ሳናስበው እንደ ሥራችን ተቀምጠናል።

በቀለበቴ ወንበሩን ሁለቴ ኳ ኳ አደረግሁት።

ባሌ ብድግ አለ። አላሰበበትም፤ እግሩ ነው የታዘዘው። ወንበሩን በኋላ በኩል ዞሮ መጣና በግራዬ ቁጭ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስዞር የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ሲዞር ያየሁት ያን ጠዋት ነው። ከተቀመጠ በኋላ ገባው መሰለኝ እንደ ልጅ አፈረ። ጠጋ አለኝ።

"አሸንዳቸው ግን እውነትም ቆንጆ ነው" አለ።

ሰማሁት። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ድምፁ ቀጭን ነው! ነጎድጓዱ የሚባለው ሰውዬ፣ ቁልፍ የሚያንቀጫቅጨው፣ ድምፁ ቀጭን፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ክፍል ውስጥ ተነስተህ አንብብ የተባለ ተማሪ ድምፅ ነው። ለስንት ዓመት እዚያ ደረት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። እንባዬ ዝርግፍ አለ፤ በዚያው ሳቄ መጣ፣ ለአሸንዳ ያለቀስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቅድም ያልከኝስ ምን ነበር አልኩት።

"እሱም ስለ አሸንዳው ነው" አለኝ።

ዋሸ። ሰው ሲጮህ ውሸቱ አይለይም፤ ዝግ ሲል ግን ወዲያው ይታወቃል። ወንበሩን አንድ ጊዜ መታሁ። ያዝ ማለት ነው። እጄን ዘረጋሁለት፣ ያዘኝ። ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

"ያደነቆርኩሽ እኔ ነኝ" አለ በዚያ ቀጭን ድምፁ። "ሌላ ማንም አይደለም። መዶሻው የኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

ቆርቆሮውን ማን አስገድዶኝ ያዝኩ፣ ወድጄ ነው የያዝኩት አልኩት። ይህን ስለው ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሰማሽኝ?" አለኝ።

"ሰምቻለሁ" አልኩት። "ድገመው።"