የምሰሶው ልክ

መንጠቆዋ ማታ ከሰቀለችበት ሚስማር ላይ ነበር፤ እጀታው ግን ጎድሏል። የተቆረጠው ጫፍ ገና ነጭ ነው፤ ከሥሩ የመጋዝ ብናኝ ተበትኗል። ቁራጩን ሻይ ከሚፈላበት ምድጃ ውስጥ አገኘችው። ግማሹ ነዷል። ደሟ ፈላ።

ያን እጀታ ለማግኘት ስንቱን እንጨት አገላብጣለች! የማገዶ ግቢው ሥራ የመንጠቆውን ሹል ግንድ ላይ ሰክቶ መጎተት ነው፤ ከመኪናው ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ ፈላጩ። እጀታው ካጠረ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እንዳሉ ነው። አባቷ እንዲያ ሲጎትት ኖሮ ዛሬ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ቀና የሚለው አንገቱ ብቻ ነው። እሷም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከአልጋዋ የምትነሳው ወገቧን ይዛ ሆኗል። ለዚህ ነው ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክንዷን ለቃ፣ ከመሬት እስከ መዳፏ ለክታ አዲስ እጀታ ያስገባችው። ትናንት ሙሉ ቀን ሠርታበት ወገቧን ሳያማት ተኝታ ነበር።

አባቷ ከበሩ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ መጥረቢያ ይስላል።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ። ከምሰሶው ይበልጥ ነበር።»

ምሰሶው ላይ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ የተፈለፈለ ምልክት አለ። የግቢው መንጠቆ ሁሉ እዚያ ተለክቶ ይቆረጣል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

«ታዲያ ሥራውን ምሰሶው ይሥራልሃ!»

ግንድ ጭኖ የገባው ሹፌር በመስኮቱ ብቅ አለ። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ሽቦ ነው የሚላት። «ሽቦ፣ ገና ከጠዋቱ ከማን ጋር ነሽ?»

«አንተ ዝም በል!» አሉት አባትና ልጅ እኩል። መስኮቱን ዘጋ።

«ይኼን ጭነት በዚህ አላወርድም» አለች መንጠቆውን እግሩ ሥር ጥላ። «እንዳንተ ጎብጬ አልቀርም። ዛሬ ከዚህ በር ከወጣሁ ደግሞ አልመለስም።»

አባቷ ሞረዱን ወረወረው። «አባቴ ነው የለካው! እዚችው ቦታ እኔን አቁሞ፣ በገዛ እጁ! አንቺ ከእሱ ልትበልጪ ነው?»

«አንተን አቁሞ?»

«ሥራ የጀመርኩ ቀን!»

«ያኔ ምን ታክል ነበር?»

ሊመልስላት እጁን አነሳ። መዳፉን ወደ መሬት አዙሮ አየር ላይ አቆመው፤ ከእሷ ወገብ እምብዛም አይበልጥም። መዳፉን አየ። ከዚያ ምልክቱን አየ።

ንዴቷ የሚያርፍበት አጣ። በሕፃን ልክ የተቆረጠ እጀታ! አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እጀታውን በቁመቱ ልክ ማስረዘም አንድ ቀን እንኳ ሳይታየው ራሱን ለእጀታው አሳጥሮ ኖረ። የሞተውን አያቷን ከመቃብሩ አውጥታ ልትጮህበት ፈለገች። አባቷም ላይ እንዲሁ፤ እሱ ግን መዳፉን እንደዘረጋ ቀርቷል። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከክምሩ ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት መዛ ፊቱ ወረወረችው።

«በል ለካ!»

አባቷ መጋዙን አንስቶ ተነሳ፤ እንጨቱንም ያዘ። ወደ ምሰሶው ይሄዳል ብላ ጥርሷን ነከሰች። አልሄደም። እሷ ዘንድ መጥቶ ተንበረከከና እንጨቱን ከእግሯ ጎን አቆመው። የመጋዙ ጥርስ በጉልበቷ አለፈ፣ በጭኗ አለፈ፣ መዳፏ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ፊቱን ልታይ ጎንበስ አለች።

«ቀጥ በይ!» ብሎ ጮኸባት።