ተናጋሪ ለ

እህቴ የምታጠናው እምቢታን ነው። ሰው እምቢ ከማለቱ በፊት ምን ያህል ዝም ይላል፣ በምን ያለሳልሳል፣ ምን ሰበብ ይደረድራል፣ ይህን ታጠናለች። ደመወዝም ይከፈላታል። እምቢታዋን ስሰማ የኖርኩት እኔ ግን እስካሁን አምስት ሳንቲም አላገኘሁበትም።

ያን ዓርብ ወደምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት ለጥናት አልነበረም። ሰኞ የሐሞት ከረጢቴን ሊያወጡልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ። ጠጠር ሞልቶታል፤ ሕመሙ ሲነሳብኝ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ነው የማሳልፈው። ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አስተላልፌዋለሁ፤ ምክንያቱም እናታችን የምትኖረው እኔ ጋ ነው፣ እናታችን ደግሞ ለብቻዋ አትተውም። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች። ሌሊት «ልጄ አንኳኳች» ብላ እየተነሳች በር ትከፍታለች፤ መቀርቀሪያውን እጇ የማይደርስበት ቦታ ካስመታሁት ወዲህ ነው ትንሽ እንቅልፍ ያየሁት። ሐኪሙ «አሁንም ካስተላለፍሽ ቀጥሎ የምንገናኘው ድንገተኛ ክፍል ነው» ብሎኛል። ስለዚህ እማዬን እህቴ መውሰድ አለባት፤ ከሁለታችን ሌላ ሰው የላትም።

ይህን በስልክ ልነግራት ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። «ሥራ ላይ ነሽ?» አልኳት፤ «አዎ» አለች፤ «እሺ፣ አላስቸግርሽ» ብዬ ዘጋሁት። ፊት ለፊት እንደ ስልክ አይዘጋም ብዬ እማዬን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ።

ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። እሷ ሚጣ ትለኛለች፤ ሃምሳ ልደፍን ምንም አልቀረኝም፣ አሁንም ሚጣ ነኝ። እማዬ ደግሞ፣ አእምሮዋ ሙሉ ሳለ፣ «ሊቋ ልጄ» ትላት ነበር። እኔን ምን ትለኝ እንደነበር አላስታውስም፤ አጠገቧ ስለነበርኩ መጥራት አላስፈለጋትም መሰለኝ።

አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «የቋንቋ ጥናት ጉባኤ፦ መዋቅር፣ ድምፅ፣ አጠቃቀም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጡ ክንዳቸው ላይ መጻፊያ የተገጠመላቸው ወንበሮች ሞልተውታል፤ ግማሾቹ መጻፊያቸው ተሰብሯል። መጋረጃው አንድ በኩል ከሐዲዱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ሁለት ስፌት ቢነካው ይስተካከል ነበር። የኋላው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ይተኛል፤ እንዴት እንደቀናሁበት።

መጀመሪያ አንድ ጢማም ወጣት ቀጭን ወረቀት ከአፉ ፊት ይዞ «ፐ» ይላል፣ «ጰ» ይላል። «ፐ» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል፤ «ጰ» ሲል ብዙም አይነቃነቅም። ይህን ደጋግሞ አሳየን፤ ሰውም በቁም ነገር ማስታወሻ ያዘ። ቀጥላ አንዲት ባለመነጽር ሴት ዓረፍተ ነገርን ዛፍ አድርጋ ሳለች። ዛፉ ሥሩ ወደ ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች ነው። ሁለት መምህራን አንዲት ቅርንጫፍ በግራ ትሁን በቀኝ ብለው እስኪቆጡ ተከራከሩ። እኔ አንድ ጊዜ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ አውቃለሁ፤ ደንበኛዬ ያን ቀን እንኳ እንዲህ አልተቆጣችም።

ከዚያ እትዬ ተነሳች። ገና ሳያት ንዴቴ ትንሽ በረደ፤ ከስታለች። የለበሰችው ጉርድ እኔ የሰፋሁላት ነው፤ ያኔ ወገቧ ላይ ልክክ ብሎ ነበር፣ አሁን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ይዛዋለች። ሰሌዳው ላይ ምስል ለማሳየት መብራቱ ስለጠፋ እኔን አላየችኝም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ሌሊቱን ፈተና ስታርም አድራ ይሆናል። የሚያደክመኝም ይሄ ነው፤ ሰበቦቿ ሁሉ እውነት ናቸው።

«እምቢታ አንድ ቃል አይደለም» ብላ ጀመረች። «መጀመሪያ ዝምታ አለ። ከዚያ ማለስለሻ፣ ከዚያ ምክንያት፣ መጨረሻ ላይ ለወደፊት ተስፋ።» ሰሌዳው ላይ «እንግዲህ» የሚል ቃል በቀይ ወጣ። «እንግዲህ ብሎ ጀምሮ እሺ ያለ ሰው በሰበሰብኳቸው ቅጂዎች ውስጥ አላጋጠመኝም።» ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ቅጂዎቹ የስልክ ንግግሮች ናቸው አለች፤ በሁለት ሴቶች መካከል፣ ተናጋሪ ሀ እና ተናጋሪ ለ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ድምፃቸው ተለውጧል። የደረደረቻቸው በዝምታቸው ርዝመት ነው፤ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ። «በአጭሩ ልጀምር» አለችና ቁልፉን ነካች።

ከድምፅ ማጉያው ወፍራም፣ የወንድ የሚመስል ድምፅ ወጣ። «ሥራ ላይ ነሽ?» «አዎ።» «እሺ፣ አላስቸግርሽ።» ከድምፁ ኋላ ደግሞ ተክ ተክ ተክ የሚል ነገር ይሰማል። የኔ የስፌት መኪና ነው። ፔዳሉ ቅባት ሲያንሰው እንዲህ ይጮሃል። ድምፄን ለውጣዋለች፤ መኪናዬን ግን ረስታዋለች።

«እዚህ ላይ ጥያቄም የለም፣ እምቢታም የለም» አለች እህቴ። «ዝምታው ዜሮ ነው። ለማነጻጸሪያ ያስቀመጥኩት ነው፤ ሰላማዊ ንግግር ይሄንን ይመስላል።»

ሰላማዊ። ያን ቀን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጎኔን ይዤ ወለሉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።

ስልካችንን ልቅረጽ ብላ አስፈቅዳኝ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ለጥናት ነው፣ ማንም አያውቅሽም አለችኝ፤ እሺ አልኳት። እኔ ለሷ እሺ ለማለት ዘግይቼ አላውቅም። ከዚያም ረሳሁት።

ቅጂዎቹ ተከታተሉ። «ሁለት ሳምንት እንኳ ብትይዥያት።» ዝምታ። «እንግዲህ» አለች ተናጋሪ ሀ፤ ስሜ ላይ ጢጥ የሚል ድምፅ ገባበት፤ «አሁን ፈተና ላይ ነን፣ እስቲ ይለፍና እናየዋለን።» አዳራሹ ሳቀ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ለአንድ ሰው እንዲህ ብሎ ያውቃል። ሰሌዳው ላይ ዝምታው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ርዝመቱ ተጽፏል። ሌላ ቅጂ፣ ረዘም ያለ መስመር። ሌላ፣ ከዚያም የረዘመ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ስትሰማኝ ኖራለች። በጆሮ ማዳመጫ፣ ደጋግማ፣ ቃል በቃል እየጻፈች ሰምታኛለች። እናቴ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ትል ነበር፤ እህቴ እንባውን ለክታ፣ ሰይማ፣ በመስመር አስቀምጣዋለች። ተነስቼ ልወጣ ፈለግኩ። ሰኞን አሰብኩና ቁጭ አልኩ።

ጨርሳ ስትቀመጥ መብራቱ በራ። የፊት ረድፍ ላይ አንድ አንጋፋ መምህር እጃቸውን አወጡ። እሷንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው መሰለኝ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አሏት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው አንድን ሰው እምቢ ማለት ሲለምድ ዝምታው ያጥራል ወይስ ይረዝማል?»

«እሱን አላየሁትም፣ መምህር።»

«በቀን ቅደም ተከተል ብታስቀምጪው ይታያል። ይቻላል?»

«አዎ፣ ቀላል ነው» አለች። እውነትም ቀላል ነበር፤ አንድ ጊዜ ነካችው፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት መስመሮች ቦታ ተለዋወጡ።

«ዓይኔ አይደርስም፤ አንብቢልኝ። የተናጋሪ ለ ጥያቄ ብቻ ይበቃኛል።»

ማንበብ ጀመረች። ስብሰባ ላይ እንደሚነበብ፣ ፈጠን ብላ፣ በራሷ ድምፅ።

«እማዬን ለሁለት ወር ብትወስጃት፣ ትንሽ ባርፍ።»

«አንድ ወር ይበቃኛል፤ ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።»

«ሁለት ሳምንት እንኳ ብትይዥያት።» እዚህ ላይ ፍጥነቷ ቀነሰ።

«ቅዳሜና እሁድን ብቻ።»

«እሺ፣ ብቅ ብለሽ ብታጫውቻት። ስላንቺ ትጠይቀኛለች።»

ከዚያ ቆመች። ሰሌዳው ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ ቀኑ ያለፈው ሳምንት ነው። ለማነጻጸሪያ ያስቀመጠችው፣ ሰላማዊ ያለችው ንግግር፣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጧል።

«ከዚያስ?» አሉ አንጋፋው።

«ሥራ ላይ ነሽ» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «እሺ፣ አላስቸግርሽ።»

«ዝምታውስ?»

«ዜሮ።»

«ያጥራል ማለት ነው» አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ያገኙት መልስ አስደስቷቸዋል። ሰብሳቢው ሰዓት አልቋል አለ፤ ተጨበጨበ። እትዬ ላፕቶፕዋን ለመዝጋት ጎንበስ አለች፣ ሳትዘጋው ቀና አለች፣ ዓይኗ አዳራሹን እየዞረ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ፊቷ በእጥበት ብዛት እንደፈዘዘ ጨርቅ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋት። ሰዎች ብስኩት እያኘኩ እጇን ይጨብጣሉ፤ «በጣም ደስ ይላል» ይሏታል። ሰው ቀለል ሲል ወደኔ መጣች።

«መቼ መጣሽ?»

«ሰውየው ወረቀት ሲያርገበግብ።»

«ሁሉንም ሰምተሻል ማለት ነው።»

«መኪናዬ ሳይቀር። ፔዳሉ ከኋላ ይሰማል፤ ቅባት ይፈልጋል።»

ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «በቀን ደርድሬው አላውቅም፣ ሚጣ። አሠራራችን ነው፤ በርዝመት ነው የምንደረድረው። እያንዳንዷን ለብቻዋ ነበር የምሰማት።»

«አውቃለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ለመጣላትም ጉልበት ያስፈልጋል። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ስንት ሌሊት ያሰናዳሁትን መግቢያ ሁሉ ትቼ፣ «ሰኞ ኦፕራሲዮን ነኝ» አልኳት። «እማዬን ትወስጃታለሽ?»

«እንግዲህ ሚጣዬ…» አለችና ቀጥ አለች።

ቃሉን ሰማችው። እኔም ሰማሁት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደራረቡ ነው፤ ብረት ከብረት ይጋጫል። ድሮ ቢሆን ይሄኔ «ተዪው፣ ግድ የለም» እላት ነበር። ሁልጊዜም ከጭንቋ የማወጣት እኔ ነኝ። አሁን ግን አልረዳኋትም፤ ሰኞ ሌላ ሰኞ የለውም። ዝምታው ረዘመ፤ ሰሌዳዋ ላይ ካየኋቸው ሁሉ ረዘመ። በሷ ጥናት መሠረት ከሆነ መልሱ ታውቋል። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«ሻይዋን በስኳር ነው የምትጠጣው?» አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። «ስኳር ከተከለከለች ቆየች።»

«አላወቅሁም።» አጠገቤ ተቀመጠች። «ደረጃ ትወጣለች? እኔ ጋ ደረጃ አለ።»

«ከደገፍሻት ትወጣለች። ብቻ አታጣድፊያት።»

«መድኃኒቷን ታሳዪኛለሽ።»

«አሳይሻለሁ።»

መርፌ ቁልፉ ተፈትቶ ጎኗን እየወጋት ነበር። እጄን ሰድጄ ቆለፍኩላት፤ እሷም፣ ልጅ ሳለን ስታለብሰኝ እኔ እንደማደርገው፣ ዝም ብላ ተቀመጠችልኝ።

«ሌሊትስ ትተኛለች?»

«ትነሳለች። በር ካልከፈትኩ ትላለች።»

«ለማን?»

የሚያለሳልስ ቃል ፈለግኩ። ፈተና ላይ ነሽ፣ ሥራ በዝቶብሻል፣ እሷም ትረሳለች፣ የምለው ሁሉ አፌ ላይ መጣና ተመለሰ። እህቴ ፊቴን እያየች ጠበቀች። መልሴ እየዘገየ ሲሄድ ዓይኗ ሞላ፤ ዝምታ መስማት ሥራዋ ነው።

«ቦርሳዬን ላምጣ» አለች፣ ሳትዘገይ። «ዛሬ እኔ ላንኳኳላት።»