ያልበቀለው ማሾ

የእህቴ ልጅ ኮማሊ ልትዳር ሰባት ቀን ሲቀራት፣ እኔ አጎቷ ከአውቶቡስ ሹፍርናዬ ፈቃድ ወስጄ ከኩይሳ ሥር አፈር ቆፍሬ አመጣሁ። በእኛ ዘንድ ሠርግ የሚጀመረው በቡቃያ ነው። አምስት ባለትዳር ሴቶች በአምስት የሸክላ ገንቦ ዘጠኝ ዓይነት እህል ይዘሩና ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ያጠጡታል። ለሠርጉ ቀን ለምልሞ መታየት አለበት፤ ካልበቀለ ሙሽራዋ ዕድለ ቢስ ናት ይባላል። ቡቃያን አንኩር እንለዋለን።

ያን ሰሞን ቃሉ ቤታችንን ሞልቶት ነበር። የሙሽራው ስም አንኩር ነው። ኮማሊ የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናትም አንኩር ይባላል። መጀመሪያ ደውሎ “አንኩር ነኝ” ሲላት ከትምህርት ቤቱ የተደወለ መስሏት የበሩን ቁልፍ የት እንዳስቀመጡት ጠይቃዋለች። ይህን እያወራች ታስቀን ነበር።

ስሙን ያወጡለት አባቱ ራጋቫያ ናቸው። በእናታቸው ስም የሰየሙት ሱባማ የዘር መደብር ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። “ሌላው ልጁን በአምላክ ስም ይጠራል፤ እኔ በእንጀራዬ ጠራሁት” ይላሉ። ለገንቦዎቹ የሚዘራውን ዘጠኙንም እህል በዘጠኝ የጨርቅ ከረጢት ቋጥረው የላኩልን እሳቸው ነበሩ። ከሌላ ሱቅ ብንገዛ ይቀየሙን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገንቦዎቹን ስናይ እዚህም እዚያም ብቅ ያለው ስንዴው ብቻ ነበር። ሌላው ሊዘገይ ይችላል፤ ማሾው ግን የለም። ማሾ ደግሞ እርጥብ ቦታ ረስተኸው ቢያድር እንኳ የሚበቅል ነገር ነው።

“አፈሩን ከየት ነው ያመጣኸው?” አለችኝ እህቴ ሱጉና።

“ከኩይሳ ነው እትዬ፤ ከየት ላመጣው?”

“ጨው ይኖርበታል።”

“ጨው ቢኖርበት ምስጡ ቤት ይሠራበት ነበር?”

ኮማሊ ወደ ኩሽና ገባች። ከከረጢቱ የተረፈውን ማሾ ሃያ ፍሬ፣ ከኩሽናችን ቆርቆሮ ደግሞ ሌላ ሃያ ፍሬ ቆጥራ በሁለት እርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች።

በማግሥቱ የራጋቫያ እህት ካንታማ ሙዝ ይዘው መጡ። ቁጭ ከማለታቸው በፊት ወደ ገንቦዎቹ ሄዱ።

“ይሄ ምንድነው?”

“ዘንድሮ ትንሽ ዘገየ” አለች እህቴ።

“ሱጉና፣ እኔ ስድስት ልጅ ድሬያለሁ። በአራተኛው ቀን ጣት ያክል ነበር። መሬቱ ልጅቷን እምቢ ካላት እኛ ምን እናድርግ?”

የቀረበላቸውን አሬራ ሳይቀምሱ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ገበያ ስወርድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሦስት ሰው አፈሩን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቀኝ።

እህቴ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ከኩሽናው ማሾ እንጨምርበት። ለሠርጉ ይደርሳል። ማን ያያል?”

እውነቱን ለመናገር እኔም ተስማምቼ አፈሩን መጫር ጀምሬ ነበር። ኮማሊ እጄን ያዘችው።

“አጎቴ፣ ተው። ገንቦው አረንጓዴ ይሆናል። ከአንኩር አባት ዘር የገዛው ገበሬ ማሳስ?”

“የገበሬው ነገር አንቺን ምን አገባሽ?” ጮኸች እናቷ። “የራስሽ ሠርግ ነው እኮ!”

“ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ እማ። ሊዘሩት ነው።”

በአምስተኛው ቀን ለአንኩር ደውላ አባቱን ይዞ እንዲመጣ ለመነችው። መጡ። ካንታማም ሳይጠሩ ተከትለው መጡ። ኮማሊ ሁለቱን ጨርቆች ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። ከኩሽናው ማሾ አሥራ ዘጠኙ ነጭ ጭራ አውጥቷል። ከከረጢቱ ሁለት ብቻ።

“አባት፣ ይሄ የቤታችን ነው። ይሄ የላኩልን ነው” አለች።

“ጉድ እኮ ነው! ገና ደጃችንን ሳትረግጥ አማቷን ለፈተና ታስቀምጣለች!” አሉ ካንታማ። “ተነስ ወንድሜ፣ እንሂድ።”

ራጋቫያ አልተነሡም። አንድ ፍሬ አንሥተው በጥፍራቸው ሰነጠቁት፤ አሸተቱት።

“የት ነበር የተቀመጠው?” ልጃቸውን ጠየቁ።

“አዲሱ መጋዘን፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር። ሙቀቱ ዘር ይገድላል ብዬ ነግሬዎት ነበር።”

“ነግረኸኛል።”

ዝም ቢሉ ነቀፋው ልጅቷ ላይ ይቀራል፤ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ስለ ሱቃቸው የሚጠይቅ አይኖርም። ቢናገሩ የሠላሳ ዓመት ስማቸው ነው የሚሄደው። ይህን በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ተነሥተው ጫማቸውን በር ላይ አጠለቁና ወጡ። አንኩር ኮማሊን አየት አድርጎ ተከተላቸው። እህቴ አለቀሰች። ኮማሊ ጨርቆቹን አጣጠፈች፤ ዘርግታ ደግማ አጣጠፈቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ባጃጅ በሰፈራችን አለፈ። የሚናገር ሰው አልቀጠሩም፤ ራሳቸው ራጋቫያ ነበሩ።

“ዘንድሮ ከሱባማ መደብር የገዛችሁት ማሾ ሞቷል። አትዝሩት። መልሱት፣ በደህና ዘር እለውጥላችኋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ሻይ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። “ልጁን ቡቃያ ብሎ ዘሩን ገደለው!” ይላል አንዱ። “ልጁስ ይበቅል ይሆን?” ይላል ሌላው። እኔም ስቄያለሁ፤ አልክድም።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ካህኑ ሻስትሪ ቀጫጭኖቹን ቡቃያዎች አየት አድርገው “የበቀለው ይበቃል” አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ራጋቫያ ለለውጥ የሚሆን ዘር ፍለጋ ሌላ ከተማ አድረው ነበርና የደረሱት አንኩር የጋብቻውን ክር በሙሽራዋ አንገት ላይ ሊያስር ሲል ነው። ትከሻቸው ላይ የከረጢት አቧራ ነበር። ማንም አላራገፈላቸውም።

ዘራቸውን የቀየሩት ገበሬዎች በጊዜው ዘሩ። ግማሾቹ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። ራጋቫያ አዲሱን መጋዘን ዘጉት። ኮማሊን አላመሰገኗትም፤ አልወቀሷትምም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሊያናግሯት ሲፈልጉ በልጃቸው በኩል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ቀጥታ መነጋገር ጀመሩ።

ባለፈው ወር ካንታማ አውቶቡሴ ላይ ተሳፈሩ። ከኋላዬ ተቀምጠው እስኪወርዱ ድረስ ስለ ኮማሊ ነገሩኝ። “የእህትህ ልጅ ምላሷ ስለት ነው። ሱቅና መጋዘን የነበረውን ወንድሜን በሱቅ ብቻ አስቀረችው።”

“አሁን ወዴት ነዎት?” አልኳቸው።

“እሷ ዘንድ ነዋ። ጉልበቴን አሞኛል፤ ሐኪም ቤት የምትወስደኝ እሷ ናት” አሉና ማቆሚያው ሳይደርስ ተነሥተው በሩን ያዙ።