ሸብ አድርጎ ይምጣ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በጥር ወር ከሸህ ጀይላን ወረቀት መጣልኝ። ልጃቸውን ዓዲላን ለማግባት ሽማግሌ ከላክሁ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ሸህ ጀይላን አማርኛ ስለማይጽፉ ከሚሴ ገበያ ውስጥ በጸሐፊ ያስጻፉት ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «ዓዲላን የፈለገ ነገ ጧት ሸብ አድርጎ ይምጣ።»

እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ፊደሉን አንድ በአንድ መረመርሁት፤ ስሕተት የለበትም። ሸብም ባቲ ገበያ የሚሸጠው፣ ጨው የሚመስለው ነጭ ድንጋይ መሆኑን አውቃለሁ። ያላወቅሁት የት ላይ እንደሚደረግ ነው። እሳቸውን እንዳልጠይቅ አፈርሁና ወደ ፀጉር ቆራጩ ወደ ሙሄ ሄድሁ።

ሙሄ ሰው ሲላጭ ስለሚያደማ ሸብ ከእጁ አይጠፋም። ወረቀቱን አነበብሁለት። ሸብ ደም ያቆማል፣ የደፈረሰ የቦርከና ውሃ ያጠራል፣ ቆዳ ያለፋል፣ የብብት ጠረን ያጠፋል፣ የአፍ ቁስል ያደርቃል አለኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ።

«አንተ ቆዳም ውሃም አይደለህ። ሸህየው በጨዋ ደንብ ወይ ብብትህን ወይ አፍህን ነው የነኩት።»

የትኛውን እንደሆነ መለየት ስላቃተን ለሁለቱም አደረግን። ብብቴን አሸልኝ፤ ለአፌ ደግሞ አንድ ደህና ጉማጅ ሰጠኝ። በማግስቱ ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ሸቡን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ሄድሁ።

ሸህ ጀይላን ያገኘኋቸው አውድማ ላይ ነው። ማሽላ ሊወቃ ኖሯል። የተሰበሰቡት ወንዶች ሁሉ ወገባቸውን በኩታ ሸብ አድርገው፣ ዱላ ይዘው ቆመዋል። መልእክቱ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሸህ ጀይላን «አከም ጅርታ?» አሉኝ። ደኅና ነኝ ልል ብሞክር ሸቡ ያኮማተረው ከንፈሬ ፉጨት አወጣ። አማት ሊሆኑኝ በታሰቡ ሰው ፊት አፏጨሁ። አንዱ ዱላውን ወደ እኔ አዞረ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ድንጋዩን ከአፌ አውጥቼ ከነወረቀቱ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ።

ሸህ ጀይላን ሸቡን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ጭዱ ላይ ዘጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እኔ ወገብህን አልሁ፤ አንተ አፍህን አሰርህ።»

ዱላ አስያዙኝ። ዓዲላን ፈልገው ከእኔ በፊት የተፈተኑት ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ስለ ዘራቸው ሲያወሩ እንደዋሉ ኋላ ሰማሁ። እኔ ማውራት ስለማልችል እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ስወቃ ቆየሁ። ለሶላት ስናቆም ሸህ ጀይላን የወቃሁትን አይተው፣ ይኸኛው ይሁን አሉ።

ውሃ ይዛ የመጣችው ዓዲላ ሸቡ መቼ እንደሚለቀኝ አባቷን ጠየቀች። እስከ ማታ አይለቀውም አሏት።

«እንግዲያ ለእኔ የሚሰጠኝን የመህሬን ነገር አሁኑኑ ጨርሱት፤ መከራከር አይችልም» አለች።

ያለችኝን አንዲት የምትታለብ ላም ስሟን ጠርታ ጠየቀች። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።